በጠጠሩ መንገድ ከሎዋር ወንዝ ጋር

ፈረንሳይ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ፓሪስንና የኤፌልን ግንብ ነው። ስፖርት ወዳድ ወጣቶቻችን ደግሞ በየዓመቱ የሚካሄደውን የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ያነሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በዚህ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያስታውሱም አይጠፉም። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው የብስክሌት ጉዞ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሰዓት አይያዝበትም፤ ዋንጫም የለውም። ሰዎች ልብሳቸውንና ስንቃቸውን በብስክሌታቸው ላይ ጭነው፣ አንዳንዴም ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ከአውራ ጎዳናው ርቀው በወንዝ ዳርና በእርሻ መሀል በሚያልፉ የጠጠር መንገዶች ከአንዱ ጥንታዊ ከተማ ወደ ሌላው የሚያዘግሙበት ጉዞ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ በፈረንሳይ ስማቸው ከሚነሳ ወንዞች አንዱ ሎዋር ነው። እኛም ይህን ወንዝ የመረጥነው ለመዝናኛነቱ ብቻ አይደለም። በዚሁ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ስመ ጥር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ፣ ከአገራቸው ርቀው በግዞት ሳሉ የሞቱ ሃያ አምስት ሙስሊሞች የሚታወሱበት ሥፍራ አለ። በችኮላ የሚጎበኝ ሰው ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ቀስ ብሎ የሚሄድ መንገደኛ ግን ያገኘዋል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ብስክሌቱና ስለ ወንዙ ጥቂት እንበል። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ብስክሌቱ

በእኛ አገር አስፋልት ያልለበሰውን መንገድ ፒስታ እንለዋለን፤ ድንጋዩ የበዛበትን ደግሞ ኮረኮንች። ግራቭል የሚባለው ብስክሌት የተሠራው ለእነዚህ ዓይነት መንገዶች ነው። ከሩቅ ሲያዩት መሪው ወደ ታች የታጠፈ የውድድር ብስክሌት ይመስላል። ቀረብ ብለው ጎማውን ሲመለከቱት ግን ልዩነቱ ይታያል። የአስፋልት መወዳደሪያው ጎማ ስፋቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የግራቭሉ ከ38 አንስቶ እስከ 50 ሊደርስ ይችላል። ነፋሱም ጠንክሮ አይሞላም። ለስለስ ያለው ጎማ ጠጠሩ ላይ ከመንጠር ይልቅ ጠጠሩን እየዋጠ ስለሚያልፍ እጅና ወገብ አይጎዳም፤ በአሸዋም ላይ ቶሎ አይሰምጥም። ብዙዎቹ ከመነዳሪ የላቸውም። በጎማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ፈሳሽ ሙጫ ስላለ እሾህ የወጋውን ትንሽ ቀዳዳ ራሱ ይደፍነዋል። ፍሬኑ በዲስክ የሚሠራ በመሆኑ ጭቃና ዝናብ ሲነካው አይከዳም። ማርሹም ዕቃ ተጭኖበት ዳገት ለመውጣት እንዲያመች ሆኖ ቀላል የተደረገ ነው።

ነገሩ አዲስ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ሲታይ አዲስ አይደለም። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የብስክሌት ጉዞ ሁሉ በጠጠርና በአቧራ ላይ ነበር። ሎዋር በላይኛው ክፍሉ ከሚያልፍበት አካባቢ በማይርቀው በሴንት ኤትየን ከተማ ፖል ደ ቪቪ የሚባል ሰው ነበር። ቬሎስዮ በሚል የብዕር ስም የብስክሌት መጽሔት ያዘጋጅ ነበር፤ በ1930 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም ብስክሌት ከአንድ በላይ ማርሽ ሊኖረው ይገባል እያለ ሲሟገት ኖሯል። የዘመኑ ተወዳዳሪዎች ማርሽ መቀየር የደካሞችና የሽማግሌዎች ነው እያሉ ያናንቁት ነበር። የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆችም በጉዞ ላይ ካቴና የሚቀይረውን መሣሪያ የፈቀዱት በ1937 ነው። ዛሬ ያለ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ተወዳዳሪ የለም፤ ቬሎስዮ ግን ይህን ሳያይ ሞቷል።

አስፋልት በየቦታው ከተዳረሰ በኋላ የጠጠር መንገድ ጉዞ ተረሳ። እንደገና ስፖርት ሆኖ የተነሳው በአሜሪካ የመካከለኛው ምዕራብ እርሻ መንገዶች ላይ ነው። ከቀዳሚዎቹ ውድድሮች አንዱ በ2005 በአዮዋ ግዛት ተካሄደ። አንባቢ ይህን የግዛት ስም ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ፈረንሳይም ዘግይታ ተቀላቅላለች። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የፓሪስ–ቱር ውድድር ከ2018 ጀምሮ በመጨረሻው ክፍሉ በቱር ከተማ አቅራቢያ ባሉት የወይን እርሻ መንገዶች ላይ እንዲያልፍ ተደርጓል። በዚያ ዓመት በርካታ ጎማ እንደፈነዳ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ወንዙ

ሎዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው። ከደቡብ ምሥራቁ ተራራማ አካባቢ ተነስቶ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይፈስና ኦርሌያን ከተማ ሲደርስ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። የብስክሌት መንገዱ ከኔቬር ከተማ አጠገብ ይጀምርና እስከ ውቅያኖሱ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቀላሉን መንገድ የሚፈልግ ቤተሰብ ምልክቱን ብቻ ተከትሎ ለማንኛውም ብስክሌት በሚመች መንገድ መጓዝ ይችላል። ግራቭል የያዘው ደግሞ ከምልክቱ እየወጣ በሶሎኝ ጫካ አሸዋማ መንገዶችና በወይን እርሻዎቹ መሀል እየገባ ይወጣል።

መንገደኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተውለው ወንዙን ከሜዳው የሚለየውን ረጅም የአፈር ግድብ ነው። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እየተገነባና ከፍ እየተደረገ የመጣ ነው። ብስክሌተኛው በግድቡ ጫፍ ላይ ሲሄድ በአንድ ወገን ወንዙን፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከእግሩ በታች ያሉ የቤት ጣሪያዎችን ያያል። ሰው ከወንዝ በታች ሲኖር ማየት ያስደነግጣል። የወንዙ ዳር መንደሮች ግንብና የቤት ጥግ ላይ 1846፣ 1856፣ 1866 የሚሉ ቁጥሮች ከአግድም ጭረት ጋር ተቀርጸው ይገኛሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ግድቡ ተደርምሶ ውኃው የደረሰበት ልክ ነው። በመኪና ለሚያልፍ ሰው እነዚህ ቁጥሮች አይነበቡም። ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደግፎ ውኃ የሚጠጣ ሰው ግን ጭረቱ ከራሱ በላይ መሆኑን ያያል።

በበጋ ደግሞ ሎዋር ሌላ ወንዝ ነው። ውኃው ይጎድልና የአሸዋ ደሴቶች ይወጣሉ፤ ወፎችም ይፈለፈሉባቸዋል። ልጆችን የሚያጓጓ መልክ አለው። ነገር ግን አሸዋው ቦታውን ስለሚቀያይርና ከሥሩ የሚጎትት ውኃ ስላለ በወንዙ ውስጥ መዋኘት በአብዛኛው ቦታ ክልክል ነው። ልጆቹን ይዞ የሚጓዝ ወላጅ ይህን አጥብቆ ሊያውቀው ይገባል።

አሸዋና ጠጠሩ ሌላም ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለግንባታ ሲባል ከወንዙ ወለል ብዙ አሸዋና ጠጠር ይዛቅ ነበር። ወለሉ እየጠለቀ ሄደ። በኤፕሪል 1978 በቱር ከተማ የሚገኘው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኖረው የድንጋይ ድልድይ መሠረቱ ተቦርቡሮ ከፊሉ ወንዙ ውስጥ ተናደ። ድልድዩ ታድሶ ዛሬም ያገለግላል፤ ከወንዙ ወለል ጠጠር መዛቅም በኋላ ተከልክሏል።

ነፋሱንም ሳናነሳ አናልፍም። በሸለቆው የሚበዛው ከውቅያኖሱ በኩል የሚመጣው የምዕራብ ነፋስ ነው። በጥንት ዘመን ነጋዴዎች ጠፍጣፋ ጀልባዎቻቸው ላይ ትልቅ ሸራ ዘርግተው በዚህ ነፋስ ሽቅብ ይጓዙ ነበር፤ ሲመለሱ ደግሞ የወንዙ ውኃ ራሱ ያወርዳቸዋል። በዚህ መንገድ ሲሠራበት የኖረውን ንግድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመጣው ባቡር ገደለው። ብስክሌተኛው ዛሬ ተመሳሳይ ሒሳብ አለበት፤ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሰው ቁልቁል የሚሄድ ቢመስለውም ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ስለዚህም አንዳንዶች ጉዞውን ከባሕሩ ጀምረው ወደ ውስጥ መግባት ይመርጣሉ።

ለመንገደኛ የሚጠቅሙ ነገሮች

በገጠሩ ሱቆች እሑድ ከሰዓት በኋላና ብዙ ጊዜም ሰኞ ስለሚዘጉ ስንቅ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የሐላል ሥጋ ቤትና መስጊድ እንደ ኦርሌያን፣ ቱር፣ አንዤና ናንት ባሉት ትልልቅ ከተሞች ይገኛል። በመንደሮቹ ግን ዳቦ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ፍራፍሬና አትክልት በቂ ነው። አካባቢው የወይን ጠጅ አገር እንደመሆኑ በየመንገዱ ወደ ጠጅ ቤት የሚጋብዙ ሰሌዳዎች ይበዛሉ፤ እነሱን ማለፍ ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል።

ውኃን በተመለከተ የአገሩ ብስክሌተኞች የሚያውቁት አንድ ዘዴ አለ። በየመንደሩ መካነ መቃብር ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አለ። የማይጠጣ ውኃ ነው የሚል ማስታወቂያ ካልተለጠፈበት ኮዳ ይሞላበታል፤ ለውዱእም ይሆናል። ሶላትን በተመለከተ፣ ወንዙ ከኦርሌያን በኋላ ወደ ምዕራብ ስለሚፈስ ወደ ባሕሩ ለሚጓዝ ሰው ቂብላው ከኋላው በስተግራ በኩል ነው።

ትንንሽ ከተሞች ሳይቀሩ ርካሽ የድንኳን መትከያ ሥፍራ አላቸው። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የራስ መከላከያ ቆብ ሳያደርጉ በብስክሌት መሄድ ከ2017 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። የደከመው ሰው ብስክሌቱን በአካባቢ ባቡር ላይ ጭኖ ወደሚቀጥለው ከተማ መሄድ ይችላል፤ ባቡሩ አብዛኛውን መንገድ ከወንዙ ጋር ነው የሚሄደው።

የአሚሩ ግዞት

የሎዋር ሸለቆ ከሱሊ እስከ ሻሎን ድረስ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምክንያቱም የፈረንሳይ ነገሥታትና መኳንንት ያሠሯቸው ቤተ መንግሥቶችና ጥንታዊ ከተሞች ናቸው። ብሎዋ፣ ሾሞን፣ ሶሚር እያልን ብንዘረዝር ገጹ አይበቃንም። ቱሪስት የሚጽፋቸው መጻሕፍትም ሞልተዋል። እኛ ከብሎዋ በታች ባለችው በአምቧዝ ላይ እንቆማለን።

የአምቧዝ ቤተ መንግሥት ከወንዙ በላይ በአለት ላይ የተቀመጠ ነው። ከግንቦቹ አንዱ በውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እየዞረ የሚወጣ ሰፊ መንገድ አለው፤ ደረጃ የለውም፤ የተሠራው ከነፈረስ እስከ ላይ እንዲወጣበት ነው። ጎብኚው በብዛት የሚመጣው በ1519 በዚህች ከተማ ለሞተው ለሠዓሊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። የመቃብሩ ሥፍራ የሚባለው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ባለች ትንሽ ቤተ ጸሎት ውስጥ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ግን ሌላ ቦታ አለ።

አሚር ዐብዱልቃዲር (አላህ ይዘንላቸው) በ1808 በምዕራብ አልጄሪያ በሙዐስከር አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ሸይኽ ሙሕዪዲን በአገራችንም በሚታወቀው የቃዲሪያ ጠሪቃ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ፈረንሳይ በ1830 አልጀርስን ከያዘች በኋላ፣ በ1832 ሕዝቡ ለልጅየው በይዓ ሰጠ። ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበሩ። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ተዋጉ። በዲሴምበር 1847 ጦርነቱ ሊቀጥል የማይችል መሆኑን ሲረዱ ከጄኔራል ላሞሪሲዬር ጋር ስምምነት አደረጉ። እሳቸው መሣሪያ ያስቀምጣሉ፤ ፈረንሳይ ደግሞ እሳቸውንና ተከታዮቻቸውን ወደ እስክንድርያ ወይም ወደ ዐካ ታደርሳለች። የንጉሡ ልጅ የሆነው የአልጄሪያ አገረ ገዢም ስምምነቱን አጸናው።

መርከቡ የወሰዳቸው ግን ወደ ፈረንሳዩ የቱሎን ወደብ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ በፓሪስ አብዮት ፈነዳና ንጉሡ ወረደ። አዲሱ መንግሥትም የቀድሞው የገባውን ቃል አላከበረም። ከቃሉ ነፃ ያውጡንና በፈረንሳይ በምቾት ይኑሩ የሚል ሐሳብ ቀርቦላቸው ነበር፤ አሚሩ አልተቀበሉም። ለእሳቸው ነገሩ የምቾት ጉዳይ አልነበረም፤ የተሰጠ ቃል ነበር። ከቱሎን ወደ ፖ፣ ከዚያም በኖቬምበር 1848 ከእናታቸው፣ ከቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ወደ አምቧዝ ተወሰዱ።

ለአልጄሪያ ሰው የሎዋር ክረምት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። እርጥበት ነው፤ ጭጋግ ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከአሚሩ ጋር ከነበሩት መካከል ሃያ አምስቱ ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። አሚሩ ግን በእስር ላይ ሆነው ያነቡ፣ ያስተምሩ፣ ሊጠይቋቸው ከሚመጡት ፈረንሳውያን ጋር ይወያዩ ነበር። ስለ ፈረስ ያላቸው ዕውቀት እንኳ ሳይቀር ለፈረንሳውያን ተርፏል፤ ጄኔራል ዶማ ስለ ሰሐራ ፈረሶች የጻፈው መጽሐፍ በኋላ ሲታተም የአሚሩ ማብራሪያዎች ገብተውበታል። ያንን የፈረስ መንገድ በየቀኑ እያዩ ኮርቻ ላይ ሳይወጡ አራት ዓመት መቀመጥ እንዴት እንደነበር እኔ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

በኦክቶበር 16 ቀን 1852 ሉዊ ናፖሊዮን ራሱ ወደ አምቧዝ መጥቶ ነፃ መውጣታቸውን አበሠራቸው። መጀመሪያ ቡርሳ፣ ከ1855 ጀምሮ ደግሞ ደማስቆ ኖሩ። በ1860 በደማስቆ በክርስቲያኖች ላይ ግድያ ሲነሳ አሚሩ ከአልጄሪያውያን ተከታዮቻቸው ጋር ወጥተው በሺህ የሚቆጠሩትን በቤታቸውና በጥበቃቸው ሥር አድርገው አተረፉ። ከተረፉት መካከል የፈረንሳይ ቆንስላ ሰዎች ነበሩበት። ቃል አፍርሳ ያሰረቻቸው ፈረንሳይም ትልቁን የክብር ኒሻኗን ላከችላቸው። በ1883 በዚያው በደማስቆ ሞቱ።

ወደ አዮዋ እንመለስ። ገና በ1846፣ አሚሩ በውጊያ ላይ ሳሉ፣ ዝናቸው አሜሪካ ደርሶ በአዮዋ የተመሠረተች አንዲት ትንሽ ከተማ ኤልካደር ተብላ በስማቸው ተሰየመች። ዛሬም በዚሁ ስም ትጠራለች። የጠጠር መንገድ ውድድር እንደገና የተነሳው ከዚያ ጊዜ ከመቶ ስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ በዚችው ግዛት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

በአምቧዝ ግቢ ውስጥ በ2005 አልጄሪያዊው የጥበብ ሰው ረሺድ ቁረይሺ ለሃያ አምስቱ መታሰቢያ አንድ የአትክልት ሥፍራ አዘጋጀ። ለእያንዳንዱ ሟች አንድ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ቦታው ጸጥ ያለ ነው። ሎዋር ከታች ይታያል።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በፌብሩዋሪ 2022 አምቧዝ ከተማ የአሚሩን ምስል በብረት አሠርታ ልታስመርቅ በተዘጋጀችበት ዕለት፣ ምረቃው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ምስሉን ቆራርጠው አበላሹት። የከተማው ባለሥልጣናትም ምረቃውን አልሰረዙም፤ እንደተበላሸ በዚያው ዕለት መረቁት። ለክርስቲያኖች ሕይወት የተዋጋን ሰው፣ ከሞተ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በምስሉ መበቀል ለምን እንዳስፈለገ ለተማሪዎቼ ማስረዳት የሚያስቸግረኝ ጉዳይ ነው። እውነቱን መንገር ግን አስፈላጊ ይመስለኛል፤ የሰባበሩትንም፣ የተሰባበረውን ያስመረቁትንም።

የመንገዱ ስም

ጉዞውን ከአምቧዝ ወደ ታች የሚቀጥል ሰው ቱርን አልፎ ካንድ ሳን ማርታን የምትባል መንደር ይደርሳል። እዚህ የቪዬን ወንዝ ከደቡብ መጥቶ ከሎዋር ጋር ይቀላቀላል። ብዙዎቹ ብስክሌተኞች ወደ ባሕሩ ይቀጥላሉ። ሌላ አንድ ሁለት ቀን ያለው ግን ቪዬንን ተከትሎ ሽቅብ በሺኖን በኩል ወደ ሻቴልሮ ከተማ ቢሄድ አይቆጨውም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ምልክቱም እንደ ሎዋሩ አይበዛም፤ ለግራቭል ጎማ ግን የተመቸ ነው።

ከሻቴልሮ በስተደቡብ ሙሴ ላ ባታይ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ732 የአንዳሉስ አስተዳዳሪ ዐብዱረሕማን አል-ጋፊቂ ከፍራንኮች መሪ ከሻርል ማርቴል ጋር ተዋግተው የተሰዉበት ጦርነት በዚህ አካባቢ እንደተካሄደ ይነገራል። ትክክለኛው ቦታ አሁንም ያከራክራል። የአውሮፓ መማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ውጊያውን የዓለም ዕጣ የተወሰነበት አድርገው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ብዙ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከዘመቻዎች እንደ አንዱ ያዩታል፤ ሙስሊሞቹም በደቡብ ፈረንሳይ በናርቦን ከተማ እስከ 759 ድረስ ቆይተዋል።

ዐረቦች ይህን ውጊያ የሚጠሩት በላጥ አሽ-ሹሀዳእ ብለው ነው። በላጥ ማለት በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ማለት ነው፤ ስያሜው ሮማውያን ከፗቲዬ ወደ ቱር ከዘረጉት ጥንታዊ መንገድ የመጣ እንደሆነ ይታመናል። ፈረንጆቹ ውጊያውን በከተማ ስም ሲጠሩት፣ ዐረቦቹ በእግራቸው ሥር በነበረው መንገድ ጠሩት። የዚያ መንገድ አንዳንድ ክፍል ዛሬ አስፋልት ለብሷል፤ አንዳንዱ ደግሞ በእርሻ መሀል የሚያልፍ የጠጠር መንገድ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ ወደ ሻቴልሮ ባቡር ጣቢያ ሩቅ አይደለም። ወደ ቱር የሚመለሰው የአካባቢ ባቡር ብስክሌት ይጭናል።